ጭራዋ ላይ ጸጉር ያላት አይጥ

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖሬያለሁ። ጥቁር ክር አስሬለት፣ ከልብሴ ሥር አስገብቼው፣ ስሰግድ እንኳ ግንባሬን እንዳይነካ ወደ ጀርባዬ ገልብጬው ነበር የምሰግደው። ማዳም ቁልፉን ስትሰጠኝ "አንቺን አምናለሁ" አላለችኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ሴት አይደለችም። ዝም ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ያን ቀን የሆነ ሹመት የተሰጠኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ተፈጥሮዬ ሆኖ ነው። አባቴ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር" የሚለውን ተረት ከፋቲሃ ቀጥሎ ነው ያስተማረን። ያደግሁት ወረኢሉ ደጋ ላይ ነው። እዚያ ብርዱ ስለማያስቀምጥ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚያመሸው፣ በሩን የዘጋ ሰው ደግሞ ውጭ ኮሽ ባለ ቁጥር ማነው ማለቱ አይቀርም። ኳታር ስመጣ ይህ ጠባዬ በጀኝ እንጂ አልጎዳኝም። በሰው ቤት የሚኖር ሰው ዕቃ ሳይጠፋ በፊት የጠፋ እንደሆነ ብሎ ማሰብ አለበት፤ ከጠፋ በኋላ ማሰብ የሚጀምር ሻንጣውን ይዞ ነው የሚያስበው።

ቤቱ ኡም ሰላል መሐመድ የሚባል መንደር ጫፍ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ አሸዋና ጠጠር እንጂ ሌላ የለም። የማዳም ባል፣ ባባ፣ ዌስት ቤይ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ይሠራል፣ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። አባቱ፣ ሁላችንም ባባ ኪቢር የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጓሮ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው ሙስበሃ የሚሉትን መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ይውላሉ። ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። ዕቃ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። በሩ አልሙኒየም ሆኖ አቧራ እንዳያስገባ ከሥሩ ጎማ ተለጥፎበታል። ጎማው በአንድ ጥግ በኩል አልቆ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረችው። ክፍተቷን አውቃት ነበር፣ አቧራ ታስገባለች ብዬም በጨርቅ እጠቀጥቃት ነበር፣ ጨርቁም ሁልጊዜ ወልቆ ነበር የማገኘው።

ልጅቷ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚህ አገር ሰው ሹራብ በሚለብስባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የባቲ ልጅ። አረብኛዋ ከ"ያላ" እና ከ"ሹግል" አያልፍም። ስለዚህ እንደ ደንቡ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። በአንድ ቤት ሁለት ሀበሻ ካለ የቆየችው ለአዲሷ አፍ ናት፤ የማዳምን ትእዛዝ ወደ አማርኛ፣ የአዲሷን መልስ ወደ አረብኛ እያደረገች ታቀባብላለች። ለእኔም አንዲት የደሴ ሴት እንዲሁ አፌ ሆና ዓመት ሙሉ አኑራኛለች። ይህ ያልተጻፈ ብድር ነው፣ ለቀጣይዋ ይከፈላል።

ወደድኳት ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳቋን ነው፤ በመጣች በሳምንቷ የምትስቅ ሰው አላውቅም። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ምሳ ሰዓቷን ነው። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ጋደም ሲል እሷ ጓሮ ወጥታ ከዕቃ ቤቱ ትይዩ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ምን ትሠሪያለሽ ስላት "አሸዋው አገሬን አገሬን ይለኛል እትዬ" አለችኝ። እኔ አሸዋ አገሬን ብሎኝ አያውቅም። የቆላ ሰው ሲያወራ ሩቡን ቀንሰህ ስማው ሲባል ነው ያደግሁት፣ እኔ ደግሞ ለጥንቃቄ ግማሹን ነበር የምቀንሰው።

ከዚያ ፍስቱቁ መጉደል ጀመረ። ፍስቱቅ ማዳም መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ ክፍል የምታቀርበው አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ ከነቅርፊቱ በትንሽ ጆንያ ይመጣል። እኔ የጆንያውን አፍ ሦስት ጊዜ አጥፌ መጨለፊያውን ከላይ አስቀምጥበታለሁ። አንድ ቀን መጨለፊያው ወድቆ፣ እጥፋቱ ተፈቶ አገኘሁት። ዝም ብዬ መልሼ አጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን እንደገና እንዲሁ ሆነ፣ ፍሬውም ጎደል ብሏል።

እዚህ ላይ አይጥ አላሰብሽም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አስቤያለሁ። ግን እኔ የጎተራ ልጅ ነኝ፣ አይጥ አታስተምሩኝ። የእኛ አገር አይጥ ጆንያ ከሥሩ ቀዳ ትገባለች፣ እዚያው ቁጭ ብላ ትበላለች፣ ቅርፊቱን ትበትናለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ ሽንቷ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ያውም በጨለማ ነው። እዚህ ግን ጆንያው አልተቀደደም። አንዲት ቅርፊት መሬት ላይ የለችም፣ ሽታም የለም። አይጥ ስትሰርቅ ቤት አታጸዳም ብዬ ደመደምኩ። አጽድቶ የሚሰርቅ ሰው ነው።

ጉዱን ለማወቅ ዱቄት ነሰነስኩ። በጣም ስስ አድርጌ፣ ከበሩ እስከ ጆንያዎቹ ድረስ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሩዝ እንድታመጣ ቁልፉን ሰጠኋት፤ ከሰዓት በኋላ ገብቼ አየሁ። የነጠላ ጫማዋ አሻራ ወደ ሩዙ ሄዶ ይመለሳል። ከእሱ ጎን ደግሞ ከፍስቱቁ ጆንያ እስከ በሩ ጥግ ድረስ ቀጭን የተጠረገ መስመር አለ፣ ጸጉሩ የሳሳ ብሩሽ ያለፈበት ይመስላል። አሻራዋን ልታጠፋ ጠርጋለች አልኩ። የጫማዋን አሻራ እንዳለ ትታ ባዶውን ቦታ ለምን ትጠርጋለች ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ የምፈልገው መልስ በእጄ ስለነበረ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም።

በነገር ወጋ አደረግኳት።

"ፍስቱቁ እግር አውጥቶ መሄድ ጀምሯል መሰለኝ" አልኳት ሰሃን እያጠብን።

"አይጥ ናት እትዬ" አለች ወዲያው። "አይቻታለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከበሩ ሥር ወጣችና በሁለት እግሯ ቆማ አየችኝ።"

"ቀን?"

"ቀን። ቢጫ ናት፣ አሸዋ ትመስላለች። ሆዷ ነጭ። ጭራዋ ደግሞ እንደ ላም ጭራ ጫፉ ላይ ጥቁር ጸጉር አለው።"

"የላም ጭራ ያላት አይጥ" አልኩ።

"ወላሂ እትዬ። ባቲ ታች ሜዳው ላይ ሞልታለች። የቤት አይጥ አይደለችም፣ እሷ ሌላ ናት። የምታገኘውን እዚያው አትበላም፣ ጉድጓዷ ድረስ ተሸክማ ነው የምትሄድ።"

ሳቅሁባት። የአይጥ ጭራ መላጣ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ቀን ለቀን በሁለት እግሯ ቆማ ሰው የምታይ፣ የላም ጭራ ያላት፣ ስንቅ የምትሸከም አይጥ። ሩቡን ብቀንስ፣ ግማሹን ብቀንስ ከዚህ ወሬ የሚተርፍ አላገኘሁም። እውነት ለመናገር ከፍስቱቁ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው፤ ሌባ ብትሆን ትሁን፣ ግን እንዲህ ያለ ውሸት ለእኔ ማቅረቧ እንደ ጅል ቆጥራኝ ነው አልኩ።

ነገሩ በፍስቱቅ ቢያበቃ ምናልባት ይቀር ነበር። አላበቃም። የባባ ኪቢር ሙስበሃ ክሩ ተበጠሰ። ከወይራ ፍሬ ዘር የተሠራ ነው፣ ሟች ባለቤታቸው ከሐጅ ያመጡላቸው። ልጅቷ እጇ የሰላ ስለነበር በምልክት እኔ ልሥራው አለቻቸው፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሰጧት። ዘሮቹን ትንሽ ሰሃን ላይ አድርጋ ዛፉ ሥር ካለው የሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀመጠችና ክር ልታመጣ ገባች። ሽማግሌው ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነስተው ነበር። ስትመለስ ሠላሳ ሦስት የነበረው ሃያ ሁለት ሆኖ ጠበቃት። መሬት ለመሬት ስትፈልግ ዋለች። እኔም አብሬያት ፈለግሁ፣ በአንድ ዓይኔ መሬቱን በአንድ ዓይኔ ኪሷን እያየሁ።

ማዳም ማምሻውን ሁለታችንንም ወጥ ቤት ጠራችን። የተቆጣች አትመስልም ነበር፣ ድምጿም ዝግ ያለ ነበር፤ እሷ ስትቆጣ እንዲያ ነው የምትሆን። አስቀድማ እኔን ነው የጠየቀችኝ።

"አይጥ ይሆን እንዴ?"

እዚህ ላይ ያሰብኩትን አልደብቅም። አይጥ አለ ማለት ዕቃ ቤቱን አልጠበቅሽም ማለት ነው፤ ቁልፉ ያለው እኔ አንገት ላይ ነው። በዚያ ላይ አይጥ አለመሆኑን ከልቤ አምኜ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምላሴ ቀለለ።

"ወላሂ ማዳም፣ እዚህ ቤት አይጥ የለም" አልኩ።

ወደ ልጅቷ ዞረች። "የምትለው ነገር ካለ ትናገር" አለችኝ። ተረጎምኩላት። ልጅቷ እጆቿን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ተናገረች። አይጧን ያየችበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የበሩን ጥግ፣ ጭራዋን፣ ዘር ተሸክማ ጉድጓድ እንደምትከት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። አልቸኮለችም፣ አላለቀሰችም። "ንገሪልኝ እትዬ፣ ጉድጓዷ ቅርብ ነው፣ ይፈለግ በይልኝ" ብላ ጨረሰች።

እኔ ወደ ማዳም ዞርኩና "ምንም አላውቅም ነው የምትለው" አልኩ።

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የላም ጭራ ያላት አይጥ የሚል ነገር በእኔ አፍ እንዲወጣ አፈርኩ። በሁለታችንም የሚሳቅብን መሰለኝ። ሀበሾች እንዲህ ናቸው እንዳትል ፈራሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ትሂድ ብዬም ነበር።

"አረብኛ እንዲህ አጭር ነው?" አለችኝ ልጅቷ።

"አጭር ነው" አልኳት።

"አላመነችኝም?"

"አላመነችሽም።"

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ወደ መክተብ፣ ወዳስመጣት ኤጀንሲ ሊመልሳት መኪናውን አስነሳ። ሻንጣዋን እኔ ነኝ የፈተሽኩት፣ ማዳም አዝዛኝ። ከወይራ ዘሩ አንድም አልነበረም። የሆነ ቦታ ጥላው ይሆናል አልኩ በልቤ። በሩ ላይ አቀፈችኝና "አብሽሪ እትዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ቢያንስ አንቺ ነገርሽልኝ፣ አላህ ይስጥሽ" አለችኝ። አሚን አልኩ።

ከሄደች በሦስተኛው ሳምንት መጨለፊያው መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ጤነኛ ሰው ይሄኔ ተሳስቻለሁ ይላል። እኔ ሹፌሩን ጠረጠርኩ። መኪና ሊያጥብ ባልዲ የሚያነሳው ከዚያ በኩል ነው። ሹፌሩ ለእረፍት አገሩ ሄዶም ፍሬው መጉደሉን አላቆመ፣ ትንንሾቹን ልጆች ጠረጠርኩ። ከዚያ ትልቋን ልጅ። ስታጠና ትቆረጥማለች አልኩ። አንድ ቀን ባባ ኪቢርን ሳይቀር ጠርጥሬ ጥርስ እንደሌላቸው ትዝ ሲለኝ ነው የተውኩት። ለማዳም ግን ትንፍሽ አላልኩም። ይጎድላል ብላት ልጅቷ ንጹሕ ናት ማለት ይሆናል። መጅሊስ የሚቀርበውን እያሳነስኩ ጉድለቱን ሸፈንኩ። ሌባ ስፈልግ ዓመት ያህል የኖርኩት እንዲህ ነው።

ማዳምና ባባ መካ ለዑምራ በሄዱበት ሳምንት ጓሮ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። ሠራተኞች መጥተው ከቁርቁራው ሥር የተነጠፈውን ጡብ ማንሳት ጀመሩ። አራት አምስት ጡብ እንዳነሱ አንደኛው ጮኸ። አሸዋ የመሰለች ነገር ከጉድጓድ ተፈናጥራ ወጥታ ወደ እኛ ሮጠች፤ ትልቋ ልጅ የልብስ ቅርጫቱን ይዛ ቆማ ስለነበር ገልብጣ ደፋችባት። ከዚያ በጥንቃቄ የትንንሾቹ ወፍ ይኖርበት የነበረ ባዶ የሽቦ ቤት ውስጥ አስገባቻት።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ቀን ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ቢጫ ናት፣ ሆዷ ነጭ። በሁለት እግሯ ቆመችና አየችኝ። ከዚያ ዞረች፣ ጭራዋን አየሁት። ጫፉ ላይ ጥቁር ጸጉር አለው፣ እንደ ላም ጭራ።

ተነስቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

"አይጥ ናት?" አልኩ ትልቋን ልጅ።

እሷ ደስታዋ ሌላ ነው፤ ለፈተና ያነበበችው ነገር በእግሩ መጥቶላታል። ስልኳን አውጥታ ሥዕል እያሳየች ታስረዳኝ ጀመር። አይጥ የምንላቸው ሁሉ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ናቸው አለች፣ ግን ውስጡ ብዙ የተለያየ ጎራ አለ። የቤቷ አይጥ በአንድ በኩል ናት፤ ጭራዋ መላጣና ቅርፊት ያለው፣ ጥርሷ ልሙጥ። ይቺ ግን ሜሪዮንስ ከሚሉት ጎራ ናት፣ የበረሃ ናት። ጭራዋ ጸጉር ለብሷል፣ የኋላ እግሯ ረዘም ይላል፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ እያንዳንዳቸው ቁልቁል የተሰመረ ቦይ አላቸው። ውኃ እምብዛም አትጠጣም፣ ስለዚህ አትሸትም። ቀንም ትወጣለች። ያገኘችውን ዘር ተሸክማ ጉድጓዷ ውስጥ ታጠራቅማለች።

እያንዳንዱን ነገር በጣቴ እቆጥር ነበር። ቀዳዳ፣ ቅርፊት፣ ሽታ፣ ጨለማ። አይጥ አይደለም ያልኩባቸው ማስረጃዎቼ ሁሉ ለሌላ አይጥ የተሰፉ ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂን በአማርኛ ነው የተማርኩት፤ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እያልን እንደ ሱራ ሸምድደነዋል። አስተኔው አንድ ነው፣ ወገኑ ይለያያል። ፈተናውን ደፍኜ ነበር ያለፍኩት። ወረኢሉ ጎተራ ውስጥ ያለችው አንዲት ወገን ብቻ መሆኗን ግን ማንም አልነገረኝም፤ የነገረችኝን ሳቅሁባት።

"ሊቃውንቱም ይሳሳታሉ" አለች ትልቋ ልጅ ስልኳን እያየች። "ድሮ በጭራና በጥርስ ብቻ ነበር የሚለዩት። አሁን ደም መርምረው አንዳንዱን ቦታ ሊያዛውሩ ይከራከራሉ።"

ሊቃውንቱ ቢሳሳቱ አይጧ ወደ መክተብ አትመለስም አልኩ በሆዴ።

ሠራተኛው እጁን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ያፍስ ጀመር። ፍስቱቅ ከነቅርፊቱ፣ በእፍኝ በእፍኝ፣ አንዱ ተቆርጥሞ ብዙው እንዳለ። በመካከሉ ቡናማ የወይራ ዘር ወጣ። ባባ ኪቢር ከወንበራቸው ተነስተው መጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። "ጅርድ ናት" አሉ አይጧን አይተው። ሕፃን ሳሉ በረሃ ላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ እየቆፈሩ እህል ያወጡ እንደነበር ተናገሩ። ዘሮቹን ቆጠሩ፣ አሥር ናቸው። አንዷ አልተገኘችም፣ "ለእሷ ትሁን" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያቺ ልጅ አሁን የት ናት?"

"አል ገራፋ አንድ ቤት ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ" አልኩ።

አስተግፊሩላህ ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለውን ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርቼዋለሁ። ዱላውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ትልቋ ልጅ አይጧን ወስዳ ከአጥሩ ወዲያ ስትለቃት አብሬ ሄጄ ፎቶ አነሳኋት። ለምን እንዳነሳኋት ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

ማዳም ስትመለስ ልጇ ሁሉንም ነገረቻት። ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ማዳም ትንሽ አሰበችና "ምስኪን" አለች። "ምናለ ያኔ አንድ ቃል ብትናገር። አስቆፍር ነበር እኮ።" ሻዩን ሳላፈስ ቀድቼ ወጣሁ።

ያን ሳምንት ሦስት ቀን ጾምኩ። በሐሰት ለማልኩት ወላሂ ካሳ ይሁን ብዬ ነው። አይጥ የለም ያልኩት መስሎኝ ነው፣ አላህ ያውቃል፣ ጾሙም ይበቃል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ስለ መሐላው ስጾም ስለ ትርጉሙ ዝም ማለቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፣ ከአንዲት የአገር ልጅ የልጅቷን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ የአይጧን ፎቶ ላክሁላት። ምንም አልጻፍኩበትም።

መልሱ በማግስቱ በድምፅ መጣ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት።

"እሷ ናት እትዬ። ጭራዋን አየሽው?" ሳቋ እንዳለ ነው። ከዚያ ዝግ አለች። "መክተብ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ሌባ ናት ተብላ የመጣች ናት እያሉ የሚወስደኝ ጠፋ። እሱስ ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ፣ ያን ሁሉ ነግረሽልኝ ማዳም ሰምታ ውሸታም ማለቷ ነው። አሁን ፎቶውን አሳየሻት አይደል? ያኔ ያልኩት እውነት እንደነበረ አወቀች?"

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መውጫ ነበረኝ። አዎ አወቀች፣ አዘነችልሽ ብል ውሸት አይሆንም፤ ልጅቷም ደስ ይላት ነበር፣ ማዳምም ትመሰገን ነበር። ማንም ሊጠረጥረኝ አይችልም፤ ሁለቱ የሚገናኙት በእኔ አፍ ብቻ ነው። ይህን ያህል ነገር በአንድ ሰው አፍ ላይ መንጠልጠሉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈራኝ።

ማዳም ሳሎን ብቻዋን ነበረች። ፊቷ ቆምኩ። "ያኔ ተናግራ ነበር" አልኩ። "አይጧን፣ ጭራዋን፣ ጉድጓዷን፣ ይፈለግ እስክትል ድረስ ሁሉንም ተናግራ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።"

ትጮሃለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ተርጉመሽልኛል" አለች። "ሌላስ ሳትተረጉሚ ያስቀረሽው ምን አለ?"

"የለም" አልኩ። እውነት ነው፣ የለም። ግን ወላሂ ልል ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ፤ እሷ ፊት አንዴ ተጠቅሜበታለሁ።

እጇን ዘረጋች። ክሩን በራሴ ላይ አውጥቼ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።

ለልጅቷም እንዲህ ብዬ በድምፅ ላክሁ፦ "ማዳም ውሸታም ብላሽ አታውቅም። አልሰማችሽም። ያኔ አልነገርኩልሽም። ዛሬ ነገርኳት።" እንደሰማችው ስልኩ ያሳያል። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።

እነሆ አሁን ሩዝ ስፈልግ ለማዳም እነግራለሁ። መጥታ ትከፍትልኛለች፣ ከበሩ ላይ ቆማ እስክጨርስ ትጠብቃለች። ስሰፍር እጄን ታያለች። የበሩ ጎማ ተቀይሯል፣ ክፍተቷ የለችም። አልቀየማትም፣ እኔም ብሆን እጇን ነበር የማይ።